ፍሬንና ፍሬቻ

«ፍሬን!» ብላ ጮኸች ብሎን፣ ከፒካፑ ኋላ ቆማ።

ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሬዲዮ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው። ከጋቢናው ጀርባ በቆመው ረጅም የብረት ፍሬም አናት ላይ ሁለት ቀያይ መብራቶች ቦግ አሉ።

«ልቀቅ! አሁን የግራ ፍሬቻ!»

ቢጫው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የቀኙም እንዲሁ። ብሎን የያዘችውን ካቻቢቴ ወደ ላይ ወርውራ ቀለበችው።

ብሎን የወጣላት ስም ነው። አጭር ናት፣ አንዴ በሐሳቧ ከጠበቀች ደግሞ የሚፈታት የለም። ሬዲዮ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ለምን ሬዲዮ እንደተባለ ሁለት ደቂቃ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፒካፑ የአባቷ ነው። መንገድ ላይ የተበላሹ መኪናዎችን እየጎተተ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው፤ ሥራው ደግሞ ማታ ማታ ይበዛል። ባለፈው ወር ባትሪው የሞተ መኪና እየጎተተ ሲመጣ፣ የሚጎተተው መኪና መብራቱ አይሠራም፣ የፒካፑን የኋላ መብራት ደግሞ እሱው ሸፍኖታል። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ያያቸው ሊወጣባቸው ትንሽ ሲቀረው ነበር። አባቷ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ብዙ ተቀመጠ። እናቷ ስትጠይቀው «ምንም አልሆንኩም» አለ። ብሎን ግን አላመነችውም፤ ፈራች። በማግሥቱ የፊዚክስ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከሚጎተተው መኪና ጣሪያ በላይ የሚታዩ መብራቶች ሣለች።

ፍሬሙን የሰፈሩ በያጅ በየደው። ቀለሙን የቀባው አጎቷ ነው። አጎቷ የመኪና ቀለም ቀቢ ሲሆን ከአባቷ ጋር በአንድ ግቢ ይሠራል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ የተገኘ ብረት ሳይቀባ አያድርም። አንድ ጊዜ የውሃውን ቧንቧ እስከነመክፈቻው ቀብቶት፣ ተጣብቆ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ከጎረቤት ሲቀዱ ከርመዋል። ብሎን ግን ልትከለክለው ቀርቶ ራሷ ነበረች ያስቸኮለችው። «አጎቴ፣ መብራቱን ሳልገጥም ቀባልኝ፤ ፎቶ ላይ ያምራል» ስትለው፣ ጥቁር ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባላት። ከዚያ ነው መብራቶቹን የገጠመችው፣ ሽቦዎቹን በላስቲክ ቱቦ ያሳለፈችው፣ ፊውዝ ያስገባችው።

«ፏ ብሏል!» አለ ሬዲዮ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ እየቀረጸ። ቪዲዮውን ለክፍሉ ግሩፕ ላከውና ከሥሩ «ኢንጂነር ማለት እሷ ናት» ብሎ ጻፈበት። የብሎን ስልክ ኪሷ ውስጥ ይርገበገብ ጀመር። «ሴት ልጅና የመኪና ሽቦ» እያሉ ሲስቁባት የከረሙ ሁለት ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡላት። አንጀቷ ራሰ።

ሬዲዮ ሙዚቃ ከፈተ። በምቱ ልክ ፍሬኑን እየረገጠ ፍሬቻውንም አብሮ አበራው። መብራቶቹ ሲጨፍሩ ብሎንም እየሳቀች ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች።

«እግርህን እንዳታነሳ! ፍሬኑንም ፍሬቻውንም አንድ ላይ ያዝ!»

«ምነው፣ ጭፈራው አልተመቸሽም?»

«ያዝ አልኩህ!»

ቢጫው ብልጭ ባለ ቁጥር ቀዩ ይደክማል። ቢጫው ሲጠፋ ቀዩ ይመለሳል። ደግማ አየችው። ያው ነው።

እስካሁን የፈተሹት አንድ በአንድ ነበር። አባቷ ግን መንገድ ላይ ሲታጠፍ ፍሬንም ይረግጣል፣ ፍሬቻም ያሳያል፤ ከኋላ ያለው ሾፌር ቀዩን ማየት የሚኖርበትም ያኔ ነው። ፍሬሙ ላይ ወጥታ የመብራቶቹን መመለሻ ሽቦ በጣቷ ነካካችው፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። ኤሌክትሪክ መግቢያ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። እሷ መመለሻውን ብረት ላይ ያሰረች መስሏት ቀለም ላይ ነው ያሰረችው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መብራቶቹ ማሰሪያው ሲጠብቅ በጫረው ቀጭን ጭረት በኩል የምታልፈዋን ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው የሚሻሙት። መጀመሪያ መግጠም፣ ከዚያ መቀባት ነበረባት። ፊቷ ጋለ።

«ቀለሙ መፋቅ አለበት» አለች።

«አቦ አታካብጂ! ደከም አለ እንጂ ጠፋ እንዴ? ነገ ታስተካክይዋለሽ።» ሬዲዮ ስልኩን አሳያት። «ደግሞ ሰው ሁሉ አይቶታል። አሁን አልሠራም ልትያቸው ነው?»

ይህን እያለ የግቢው በር ተከፈተ። አባቷ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ገባ፤ አጎቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይከተለዋል።

«ከድልድዩ ማዶ የቆመ መኪና አለ» አለ አባቷ ስልኩን እየዘጋ። «ሁለት ልጆች ይዘዋል። ሳይጨልም ልድረስላቸው። መብራቱስ?»

«አልቋል ጋሼ!» አለ ሬዲዮ ከጋቢናው እየወረደ። «ሦስቴ ፈትሸነዋል፤ ይመኑን!»

ብሎን በካቻቢቴው እጀታ ትጫወት ጀመር።

አጎቷ ፍሬሙን በመዳፉ ዳሰሰው። «ይሄን ቀለም እዩልኝ! መስታወት የጠፋባት ሙሽራ ብትመጣ እዚህ ላይ ትኳላለች።»

አባቷ እጁን ራሷ ላይ ጣል አደረገ። «ጎበዝ» አላት። ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ይህችን ቃል ከእሱ ለማግኘት ሰው ዓመት ይጠብቃል። ብሎን ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት አማራት። ያለ ምንም መብራት ስንት ዓመት ጎትቷል፤ አንድ ማታ ቢሄድበት ምን ይሆናል? ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ማንም ሳያይ ታስተካክለዋለች።

አባቷ የጋቢናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባ።

«ካለፈው ወር ወዲህ አንገቴ ተቀጨ» አለ እየሳቀ። «ማን መጣብኝ እያልኩ መስታወቱ ላይ አፈጥጣለሁ። ዛሬ እንኳ ወደ ፊት እያየሁ ልንዳ።»

ብሎን ደነገጠች። እስከ ዛሬ መብራት እንደሌለው ስለሚያውቅ ይጠነቀቅ ነበር። ዛሬ ግን እሷን አምኖ ኋላውን ማየት ሊተው ነው።

«አባዬ፣ እንዳትሄድ» አለች። «መብራቱ በትክክል አይሠራም።»

አባቷ ወደ ሬዲዮ ዞረ። ሬዲዮ መሬት መሬት ያያል።

«እሱ ብቻ አይደለም» አለች ብሎን። «እኔም ዝም ብዬ ነበር። ፍሬንና ፍሬቻ አብረው ሲበሩ ቀዩ ይደክማል። ሽቦውን ቀለም ላይ ነው ያሰርኩት። አራት ቦታ መፋቅ አለብኝ፤ ፍሬሙ ከፒካፑ ጋር የሚጋጠምበትም አለ፣ አምስት። እያንዳንዱ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው።»

«ቀለሜን?» አለ አጎቷ። ልጁን ሊወስዱበት የመጡ ይመስል በፍሬሙና በእሷ መካከል ቆመ። «ሦስት ድርብ የቀባሁትን?»

«አስቸኩዬ ያስቀባሁህ እኔ ነኝ አጎቴ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አለና ጥሏቸው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ብሎን አኮረፈ ብላ አዘነች። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ወጣ። «ካቻቢቴውን አስቀምጪ፤ ያቆስለዋል። ካልቀረልኝ እኔው በእጄ ልፋቀው። አንቺ የት እንደሆነ ብቻ አሳይኝ።»

«ስንት ደቂቃ?» ሲል ጠየቀ አባቷ።

«ሃያ አምስት» አለች ሳታመነታ።

አባቷ ስልኩን አወጣ። «ወንድሜ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ እዘገያለሁ። ልጆቹን ከአስፋልቱ ራቅ አድርጓቸው። … የለም፣ መኪናው ደህና ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛዬ ሥራዋን አልጨረሰችም።»

ብሎን ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ሽቦዎቹ ጎንበስ አለች። እሷ ስትፈታ አጎቷ ይፍቃል፣ እሷ መልሳ ታስራለች። ብረቱ ከቀለሙ ሥር ነጥቶ ሲወጣ አጎቷ በየጊዜው ሊያስታምመው የያዘ ይመስል «እሰይ፣ እሰይ» ይላል። ሬዲዮ በስልኩ አበራላቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ አላወራም።

ሲጨርሱ አባቷ ፍሬን ረግጦ ፍሬቻ አበራ። ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቀዩ ንቅንቅ የለም።

«በቃ፣ ልሂድ?» አለ ሞተሩን አስነስቶ።

«አሁን የተስተካከለውን ልቅረጽ?» አለ ሬዲዮ ቀስ ብሎ።

ብሎን ወደ መንገዱ አሻግራ አየች። ቀኑን ሙሉ መብራቶቹን ያየቻቸው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ አያይም።

«መንገድ ዳር አውጣውና ጠብቀኝ አባዬ። ሬዲዮ፣ አንተ በእኔና በአባዬ መሐል መንገዱ ዳር ቁም፤ የምልህን ጮክ ብለህ ታስተላልፋለህ።»

«ለዚህ እንኳ ተፈጥሬያለሁ» አለ ሬዲዮ ነፍስ ዘርቶ።

የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። የሱቆቹን በሮች አለፈች፣ የትምህርት ቤቱን አጥር አለፈች፤ ፒካፑ በአውራ ጣቷ የሚሸፈን እስኪሆን ድረስ ሄደች። ሰማዩ አመድ መስሏል። ፒካፑ ራሱ ከመንገዱ ጋር ተመሳስሎ ጠፍቷል።

«ፍሬንና ፍሬቻ!» ብላ ጮኸች።

«ፍሬንና ፍሬቻ!» አለ ሬዲዮ፣ ሰፈሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ ድምፅ አውጥቶ።

ሁለቱ ቀያይ መብራቶች ከፍ ብለው በሩ፤ ከጎናቸው ቢጫው ብልጭ አለ።

«ሂድ ልበለው?» ብሎ ጠየቃት ሬዲዮ።

«ቆይ።»

አንድ የጭነት መኪና ከጀርባዋ መጥቶ አልፏት ሄደ። ፒካፑ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ገና በሩቁ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ መሐል መንገድ ሲጠጋ አየችው።

ብሎን «ይሂድ!» ብላ እጇን አነሳች።