የሙላቴ ቅጂ

«እናቴ፣ ቀጠሮዎ እኮ ትናንት ነበር! የዓይን ሐኪሞቹ ዛሬ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ተመልሰዋል። ከፋሲካ በፊት አይመጡም» አለቻቸው ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ።

እትዬ ጌጤ ከጉና ተራራ ሥር በእግራቸው ነበር የመጡት። ሞራ የጋረደው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና አብራቸው ወደቆመችው ሩት ዞሩ።

«የልጄ ስልክ መቼም አይሳሳት። ትርንጎ ናት አሳስታ ያነበበችልኝ። ቆይ ቤቴ ልግባ፤ ባልገርፋት እኔ ጌጤ አይደለሁም!»

ሩት ስሕተቱ ከስልኩ እንደሆነ ገባት። ትንሿ ትርንጎ ምን አጠፋች!

ሙላቴ የትርንጎ ወንድም፣ የሩት ደግሞ የክፍል ጓደኛ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ለማንም ክፍት አድርገው የለቀቁትን የቀን መቁጠሪያ ኮድ ገለበጠና የደብረ ታቦርን ገበያ፣ የየደብሩን ንግሥ ጨምሮ የራሱን ቅጂ ሠርቶ ስልኩ ላይ ጫነው። ክረምት ላይ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ በወባ ሲሞት ስልኩ በእናቱ በእትዬ ጌጤ፣ ቅጂው በሩት እጅ ቀረ። ዋናው በታረመ ቁጥር ቅጂውንም ማረም የሷ ሥራ ነበር። ኮዱ የተቀመጠበት ድረ ገጽ «ቅጂሽ ወደ ኋላ ቀርቷል» እያለ ቢወተውታትም አልነካችውም። እንዴት ብላ ትንካው? ሙላቴ እንደተወው እንዲኖርላት ፈለገች።

ዓመቱ ሲዞር ግን ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆና አለፈች፤ የፈረንጁ ቀን ከኛው ጋር ባንድ ቀን ተዛነፈ። ካርዱ ላይ በፈረንጅ ቀን የተጻፈውን ቀጠሮ ቅጂው ባንድ ቀን አዘግይቶ የነገራቸው በዚህ ነው።

ሩት እትዬ ጌጤን እቤቷ አሳረፈቻቸውና ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ሮጠች።

«ዋናውን ጫኚበትና ተገላገይ! ምን ታካብጃለሽ?» አላት እዚያ ያገኘችው የክፍል ጓደኛዋ ተስፋነህ።

«የሱ ሥራ ሁሉ ይጠፋላ!»

«ከሞተ ወዲያ ለማን...» አለና ደነገጠ። «አፌን በቆረጠው።»

ሁለቱን ኮዶች መስመር በመስመር በእጇ አዋሃደቻቸው። ገበያውም ንግሡም ተረፈ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልታረቁም፤ የዋናው መስመርና የሙላቴ መስመር ጎን ለጎን ቀርበው አንዱን ምረጪ አሏት። ስሕተቱ የአዲስ አበቦቹ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ለካ የሙላቴ የራሱ ነው፤ ስሌቱን አሳጥራለሁ ብሎ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጓታል። አይ ሙላቴ! እንባዋ መጣ። የሱን መስመር አጠፋችው።

እቤት ስትደርስ እትዬ ጌጤ ለመሄድ ተነሥተዋል።

«የልጄን ነገር አልነካካሽብኝም አይደል?»

አልነካሁም ብትል ማን ያውቅባታል?

«ነክቼዋለሁ፣ እትዬ ጌጤ። ትርንጎ በትክክል ነው ያነበበችልዎ። ስሕተቱ ሙላቴ ከጻፈው ነው፤ ሳላርም ያስቀመጥሁት ግን እኔ ነኝ። አሁን አጥፍቼዋለሁ። ስልኩም መታረም አለበት፣ ይስጡኝ።»

«እጁ የጻፈውን?»

«አዎ።»

ስልኩን ከጉያቸው አወጡና ጨብጠው ቆዩ። ሩት እጇን ዘርግታ ጠበቀች፤ አላጠፈችም።

«በይ እንኪ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷን በከንቱ ልገርፋት ነበር እኮ።»

ስልኩን ሰጧትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።