ስልክህ ይጠራል

ማሒር በሐረር ከተማ ሁለት ስም ነበረው። አንዱን እናቱ አወጡለት፤ ሌላውን የኳስ ተመልካች አወጣለት። ቢንቢ። ጆሮ ሥር መጥቶ ዝዝ የሚል፣ ቢያባርሩት የማይሄድ፣ በመጨረሻ ሰውን በገዛ እጁ የገዛ ፊቱን በጥፊ የሚያስመታ።

ኳሱ ላይ ያን ያህል አልነበረም፤ ይህን ወዳጅም ጠላትም ያውቃል። በሰባት ዓመት የተጫዋችነት ዘመኑ ያገባው ጎል ሦስት ነው፤ ከሦስቱ አንዷም በራሱ ቡድን ላይ ናት። በእሱ ሰበብ ቀይ ካርድ አይቶ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ግን አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ሥራው ከተቃራኒ ቡድን ምርጥ ተጫዋች ጎን ቆሞ ማውራት ነው። ዳኛው በማይሰማው ድምፅ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ ያወራል። ያኛው ይታገሣል፣ ይታገሣል፣ ከዚያ ይማታል። ሁለት ጊዜ ታግዷል፤ አንዴ ከስታዲየም የወጣው በፖሊስ መኪና ተሸሽጎ ነው። ሌላ ከተማ ሲሄድ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «ዝዝዝ» ይልበታል። ሐረር ላይ ግን ባጃጅ ነጂዎች ሂሳብ አይቀበሉትም ነበር።

ዋፊቃ ይህን ሁሉ አታውቅም። ኳስ አትወድም፤ ሃያ ሁለት ሰው የሚሮጥበትን ነገር ቁጭ ብሎ ማየት የጊዜ ብክነት ነው ባይ ናት። ፋርማሲ ተምራ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ እሑድ ቅንድቡ የተተረተረ ወጣት ገባ። ደሙ ማሊያው ላይ ደርቋል።

«ማን መታህ?»

«አሥር ቁጥሩ።»

«ምን አድርገኸው?»

«ምንም። አጫውቼው ነው።»

ቁስሉን አጠበችለት፤ ክሊኒክ ሄደህ አሰፋው አለችው። ሲያመው አልጮኸም፤ ዓይኑን ብቻ ጣሪያው ላይ ተከለ። በማግስቱ ስፌቱን አሳይቶ መድኃኒት ገዛ። ከዚያ ራስ ምታት ያዘኝ ብሎ መጣ። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ሆድ ቁርጠት። ገንዘብ ተቀባይዋ ራሔል ይህ ልጅ በሽታ እያለቀበት ነው፤ ነገ ደግሞ ምጥ ያዘኝ ይላል እያለች ትስቅ ነበር። በሳምንቱ መጥቶ ባንኮኒው ፊት ቆመና ዋፊቃን ሳያይ «ዛሬ ጤነኛ ነኝ» አላት። ያ በቂ ነበር።

ከሜዳ ውጪ ማሒር ዝምተኛ ነው። ሰው ቢነግሩት አያምንም። ከሥራ ስትወጣ እየጠበቃት በጀጎል ጠባብ መንገዶች እስከ ቤቷ አቅራቢያ ይሸኛታል፤ ግንቡን ተደግፎ ይሰማታል፤ የምትለውን ሳያቋርጥ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ዋፊቃ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያዳመጣት ሰው አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ነሲማ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሲሸጡ ውለው ደክመው ይገባሉ። ታላቅ ወንድሟ ሙሰዕብ የጎረቤት ከተማ ቡድን አጥቂ ስለሆነ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አባቷ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው።

አንዴ ሜዳ ላይ ምን እንደሚል ጠየቀችው።

«እናት መስደብ የሰነፍ ሥራ ነው» አላት። «ሰው ሁሉ ሳይዘጋው የተወው በር አለው። እኔ ፈልጌው አንኳኳለሁ።»

እጮኛው ቀለበት የመለሰችበትን አንድ ተከላካይ ጨዋታው ከተጀመረ አንሥቶ ከኋላው እየተከተለ የሠርግ ዘፈን እንዳንጎራጎረለት ነገራት። ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ልጁ አብዶ ወጣ። ዋፊቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በኋላ ግን በዚያ ሳቋ አፈረች።

ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ጠየቃት። ስልክሽ በጠራ ቁጥር ለምን እንዲህ ትሮጫለሽ አላት። እውነቱን ነው፤ አፍ ውስጥ ምግብ ይኑር፣ እጅ ላይ ሥራ ይኑር፣ ዋፊቃ ስልክ ሁለት ጊዜ አታስጠራም። ነገረችው። የነገረችው ስለወደደችው ነው፤ ሰው ሲወድ ኪሱን ሁሉ ይገለብጣል።

አባቷ በሞቱበት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሙሰዕብ ሦስት ጊዜ ደውለው ነበር። እሱ በዕረፍት ሰዓት መልበሻ ቤት ነበር። ስልኩ ላይ «አባ» የሚለውን አየ፤ መቼ ነው የምትመጣው ሊለኝ ነው ብሎ አጠፋው። ወጥቶ ጎል አገባ። መልሶ ሲደውል ያነሳው ጎረቤት ነው። ይህን ሙሰዕብ ለእናቱ እንኳ አልነገረም። የሚያውቁት እሱና እህቱ ብቻ ነበሩ።

ማሒር እጇን ያዘና ምንም አላለም። ዝምታው ያን ቀን ከሁሉም ቀን የበለጠ ጣፈጣት።

በዓመቱ መጨረሻ ማሒር ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የሰፈሩ ታላቅ ሰው አው ዐብዱልቃዲር ናቸው። በሐረር ቤት ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ ወይዘሮ ነሲማ ቀኑ ገና ሳይደርስ ምንጣፉን አውርደው አራገፉት። ቀኑ ሐሙስ ተባለ። ከሐሙሱ በፊት ግን አንድ ጨዋታ ነበር፤ የማሒር ቡድን ከሙሰዕብ ቡድን ጋር።

ዋፊቃ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሔል ጋር ስታዲየም ገባች። የማሒር ቡድን ከተሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። ሙሰዕብን ደግሞ አንድ ትልቅ ቡድን ሊወስደው ሰው ልኮ እያስጠናው ነበር። አንድ ለአንድ ናቸው። ሙሰዕብ ኳስ በያዘ ቁጥር የሐረር ተመልካች ትንፋሹን ይውጣል።

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አሰልጣኙ ማሒርን ወደ መስመሩ ጠርቶ አንድ ነገር አለው። ማሒር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሄዶ ከሙሰዕብ ጎን ቆመ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሙሰዕብ ዞረ። ማሒርን በቴስታ መታው።

ስታዲየሙ ፈነዳ። ማሒር ወደቀ፤ ያ ቅንድብ እንደገና ተተረተረ። ቀይ ካርድ ወጣ። ሙሰዕብ ከዳኛው ጋር አልተከራከረም። ቀስ ብሎ ወጣ፤ ዋፊቃና ራሔል የተቀመጡበት ጋ ሲደርስ ቀና አለ። ያየው ማሒርን አይደለም። እህቱን አያት።

ዋፊቃ ምን እንደተባለ ያኔ አወቀች።

በማግስቱ ማሒር ቅንድቡ ተሰፍቶ መድኃኒት ቤቱ መጣ። ራሔል አንዴ ሁለቱን አየችና የምታመጣው ዕቃ እንዳለ ሰው ወደ ጓዳ ገባች።

«ምን አልከው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ከአፍህ ልስማው።»

ባንኮኒውን እያየ «ስልክህ ይጠራል አልኩት» አለ። «ሌላ አልተናገርኩም። ስድብ እንኳ የለበትም።»

«ስድብማ ቢሆን ይሻል ነበር።»

«ልንወርድ ነበር፣ ዋፊቃ። አሰልጣኙ አስወጣልኝ አለኝ። ሌላ ነገር ፈለግኩበት፤ ወንድምሽ እንከን የለውም። ያቺ ብቻ ነበረች።»

«የነገርኩት ለአንተ ነው። ለቢንቢ አልነገርኩም።»

«ሽማግሌ የምልከው በቢንቢ ደሞዝ ነው» አላት። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ያበሳጫትም ይኸው ነው፤ የእውነቱን እያስረዳት ነበር። ለቁስሉ የሚያስፈልገውን ሰጠችው፤ ሂሳቡንም እንደማንኛውም ሰው አስከፈለችው።

ሙሰዕብ ስምንት ጨዋታ ተቀጣ። ትልቁ ቡድን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው ብሎ ተወው። እሱ ቤት መጥቶ ነደባው ላይ፣ ያ ከፍ ብሎ ቀይ የተቀባ መቀመጫ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከእህቱ ጋር ቃል አልተለዋወጠም፤ በአንድ ሳህን አልበላም። እናታቸው ነገሩ የኳስ ጠብ መሰላቸው። አው ዐብዱልቃዲር ማሒርን ይዘው መጡና ሙሰዕብን ለአላህ ብለህ አፉ በለው፣ ይቅር በለው አሉት። ሙሰዕብ ተነሥቶ ቁጭ አለና «አፉ ብያለሁ» አለ። ምን ብሎህ ነው የመታኸው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ተመራርቆ ተነሣ፤ ነገሩ አለቀ ተባለ።

ያላለቀው ለዋፊቃ ብቻ ነው። እናቷ የተበደለው ይቅር ካለ አንቺ ማን ነሽ አሏት። በዳይዋ ግን እሷም ነበረች።

ሐሙስ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከዐስር ሶላት በኋላ ይደርሳሉ። እናቷ የተሻለ ሥጋ ፍለጋ ራሳቸው ገበያ ወጥተዋል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የዋፊቃ ስልክ ነደባው ላይ ተንቀጠቀጠ። ማሒር ነው። ዋፊቃ ቆማ አየችው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ስልክ እየጠራ ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ።

«አንሺው» አለ ሙሰዕብ ከግድግዳው ሳይዞር። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ያላት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

አልተንቀሳቀሰችም።

«ዋፊ፣ አንሺው። የምትይውን በዪው፤ ግን አንሺው። ሳያነሱ መቅረት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።»

አነሳችው። ማሒር ሽማግሌዎቹ ለብሰው ቆመዋል፤ ልንነሳ ነው አላት።

«አስቀምጣቸው።»

«ወንድምሽ እኮ አፉ ብሎኛል።»

«ብሎሃል። እኔም ብዬሃለሁ። ግን ማሒር፣ አንተ ቤት ብገባ ምን እነግርሃለሁ? የሽንኩርት ዋጋ? የምፈራውን ልነግርህ አልችልም፤ ያመመኝን ልነግርህ አልችልም። አንድ ቀን ሰማንያኛው ደቂቃ ይደርሳል።»

ለአሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ከሙሰዕብ ጋር ለሃያ ሰው ቃል ያላጣው ሰው ቃል አጣ። ትንፋሹን ብቻ ሰማች። ያ የምትወደው ዝምታ ነበር፤ ጠንቅቃ አወቀችው። ስልኩን ከጆሮዋ ለመንቀል እጇ እምቢ አላት።

በመጨረሻ «እሺ» አለ።

ዋፊቃ ወንበር አምጥታ ላዩ ላይ ወጣችና ምንጣፉን ከበሩ በላይ መልሳ ሰቀለችው። ሙሰዕብ ያን ዕለት ከእሷ ጋር በላ ብል ውሸት ነው፤ በአንድ ሳህን የበሉት ረመዷን ሲገባ ነው።

ማሒር ቡድኑን ከመውረድ አትርፎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሜዳ ላይ ዝም አለ ተባለ። ከተቃራኒ ቡድን ኮከብ ጎን ይቆማል፣ አይናገርም። አራት ጨዋታ ታገሡት። ዝም ያለ ቢንቢ ደግሞ ለማንም አይጠቅም፤ ውሉን ሳያድሱለት ቀሩ። አሁን ሌላ ከተማ፣ ዝቅ ባለ ሊግ ይጫወታል ይላሉ። ተመልካቹ አሁንም «ዝዝዝ» ይልበታል፤ ለምን እንደሚል የሚያውቅ ግን እየቀነሰ ነው።

ይህን ለዋፊቃ የነገረቻት ራሔል ናት። ዋፊቃ ክኒን እየቆጠረች ነበር። ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች።