በአቶ ሳሕለ እጅ የተገኘች ሳንቲም

አቶ ሳሕለ ረቡዕ ጠዋት ኖርድቬስትሽታት በሚባለው የጀርመን ከተማ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የቤት ማሞቂያውን፣ የሃይዙንጉን ጠርዝ መትቶ ደማቸው ፈስሷል። ያገኘቻቸው አስታማሚያቸው ፍሬ ናት። በጨበጡት እጃቸው ውስጥ አንዲት የድሮ አሜሪካ ሳንቲም ነበረች፤ ፊት ለፊታቸው ደግሞ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር።

ወንበሩ የወንድማቸው የዘርኣማርያም ነው ይሉ ነበር። ዘርኣማርያም በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከተደበቀበት ተይዞ በዚያው ቀረ። ማን እንደጠቆመበት አልታወቀም። አቶ ሳሕለ ሳንቲሙን ጨብጠው ከወንበሩ ጋር ሲያወሩ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር፤ አንዳንዱማ መልስ የሰማ ይመስለው ነበር።

ልጃቸው ሰብለወንጌል የፖሊስ መርማሪዋን ኮሚሳር ቤተልሔምን በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«ቁልፍ ያላት እሷ ናት! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ፍሬ ጥግ ላይ ቆማለች። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና አልተወሰነም፤ በሰው ነፍስ ከተጠረጠረች አለቀላት።

ቤተልሔም አልቸኮለችም። ጠረጴዛው ላይ ከፖስታው የወጣ አዲስ መጽሐፍ አየች፤ ስለ አሜሪካ ሳንቲሞች ነው። በእርሳስ የተሰመረበትን ገጽ አንብባ ዘጋችው። ለማንም አልተነፈሰችም።

«ፍሬ፣ ይህችን ሳንቲም ታውቂያታለሽ?»

«ጋሼ አሳይተውኛል። ላይዋ የተቀረጸውን ፊት ክንፍ አይቼ መልአክ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ሜርኩሪ የሚባል የሮማውያን አምላክ ነው አሉኝ። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ደህና ትቻቸው ነው የወጣሁት፤ ማርያምን!»

ሰብለወንጌልም ያንኑ አለች። «ሜርኩሪ ነው። ለአጎቴ አሜሪካዊ አስተማሪው የሰጠው። አባባ የሜርኩሪን ተረት ሲያወራልኝ ነው ያደግሁት።»

ከሰዓት በኋላ የሟቹ የተማሪነት ጓደኛ አቶ ኪሮስ ኒድ ከሚባለው ሰፈር መጡ። ከተቀመጡ ጀምሮ ለባዶው ወንበር ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

«እግዜር ያጥናዎት፣ ጋሽ ኪሮስ። መቼ ነው ያዩዋቸው?»

«እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።»

«ይህችን ሜርኩሪ ጨብጠው ነው የሞቱት።»

«ሜርኩሪ አይደለም እኮ። ሴት ናት፤ ነጻነት ናት።»

«ማን ነገረዎት?»

«እሱው ራሱ ነዋ!»

ሐሙስ ቤተልሔም ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አሜሪካኖች ይህችን ሳንቲም ሜርኩሪ ያሏት ተሳስተው ነው» አለች። «ክንፉን አይተው አምላክ መሰላቸው። የተቀረጸችው ግን በሴት አምሳል ነጻነት ናት፤ ክንፉ ሐሳብ ነጻ ነው ለማለት ነው። ጋሽ ሳሕለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን አያውቁም ነበር። ያወቁት ከዚህ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ፈርመው የተቀበሉት ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው፤ ፍሬ ከወጣች በኋላ።»

ሰብለወንጌል አፏን ያዘች።

«በሩ አልተሰበረም፤ ለወዳጅ ነው የከፈቱት። ፍሬም አንቺም ሜርኩሪ አላችሁኝ። ሴት ናት ያሉኝ አንድ ሰው ናቸው፤ ከራሳቸው አፍ እንደሰሙም ነግረውኛል። ጋሽ ኪሮስ፣ ማክሰኞ ማታ እዚህ ነበሩ።»

ሽማግሌው መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ደስ ብሎት አነበበልኝ» አሉ። «‹ወንድሜ ነጻነትን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ሳያውቃት ሞተላት› ብሎ አለቀሰ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የጠቆምኩት እኔ ነኝ አልኩት፤ ገርፈውኝ ነው አልኩት። አነቀኝ። ገፋሁት።» ዞር ብለው ወንበሩን አዩት። «አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያፈጥጥብኛል። ስተኛም፣ ስነሣም።»

ከቤተልሔም ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ። ሰብለወንጌል ፍሬ እግር ላይ ወደቀች።

«ይቅር በይኝ፤ ያለ ጥፋትሽ ልገድልሽ ነበር!»

«ተይ፣ ተነሽ በእናትሽ» አለች ፍሬ እያለቀሰች። ደግፋ አነሣቻትና ቅርቧ ባገኘችው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። የዘርኣማርያም ወንበር ነበር።