ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

በዚያ ዓመት በረዶ ስንዴያችንን መታው። በኅዳር ሚስቴ ሞተች። በጥር ወር ውስጥ አሥራ አንድ ላሞቻችን በውርጩ አለቁ። በየካቲት ልጄን ዶሪንን አሰሯት።

ጥፋቷ ልጆቿን ቤት ውስጥ ማስተማሯ ነበር። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ልጆቹ የሚገቡት ተኝተው ነው። በምንኖርባት የአሜሪካ ግዛት በሰሜን ዳኮታ ሕግ ግን የመምህርነት ወረቀት የሌለው ወላጅ ልጁን በቤቱ ማስተማር አይፈቀድለትም ነበር።

ያሳሰራት የወረዳው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሮላንድ ክሬብስ ነው። እኔም አግዤዋለሁ። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ጎተራዬ ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ።

«የአውቶቡሱን መንገድ ለማሳጠር ነው። እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ።

እኔ ከስሜ በቀር ማንበብ አልችልም ነበር። ወረቀት የምታነብልኝ ሚስቴ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ክሬብስ ግን ጠርጥሯል። ወረቀቱን ስይዝ ዓይን ዓይኔን ሲያይ አየሁት። አፈርኩና ፈረምኩ።

ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሲነበብ «የልጅ ልጆቼ ምንም ትምህርት አያገኙም» ይላል። ዶሪን ዞር ብላ አየችኝ። ዘጠኝ ቀን ታሰረች።

ስትወጣ «አባዬ፣ ለምን ፈረምክ?» አለችኝ።

«ተዪው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ትልልቆቹን አውቶቡስ ላይ ጫነቻቸው። ትንሿን ቬራን ግን ሰባት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሕጉ አይነካትም። እሷን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ማስተማር ቀጠለች። እኔ ጥግ ተቀምጬ የእህል ጆንያ እጠቅማለሁ። ቬራ ፊደል ስትቆጥር ጆሮዬም ዓይኔም እዚያ ነው። እነሱ ሲወጡ መጽሐፏን እገልጣለሁ። በሦስተኛው ዓመት ጋዜጣ ማንበብ ቻልኩ። ያን ቀን ሌላ ሰው ይደሰት ነበር። እኔ ያሰብኩት ክሬብስን ነው።

እሱ በዚህ መሀል የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ቬራ በጸደይ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ጸደዩ ሳይገባ፣ በብርዱ ወራት፣ ያለ መምህርነት ወረቀት በቤት ማስተማርን የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ቀረበ።

ጎረቤታችን ሃርላን ልጆቹን መጋረጃ ዘግቶ የሚያስተምር ሰው ነው። ለረቂቁ ልንናገር ምክር ቤቱ ድረስ እንደምንሄድ ሲሰማ «ምን ያስኬዳችኋል?» አለን። «ስማችሁን ይመዘግቡባችኋል። ዝም ያለ አይታሰርም።»

«እኔ ስታሰርም ዝም ብለህ ነበር» አለችው ዶሪን። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

በቤት የሚያስተምሩ እናቶች ልማድ አላቸው። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ፓይ፣ ፖም የተሞላ ጣፋጭ ኬክ፣ ጋግረው ይወስዳሉ። ዶሪን በአንዱ ላይ የክሬብስን ስም ስትጽፍ አየሁ።

«ለእሱም?»

«ለሁሉም ነው፣ አባዬ።»

«የአይጥ መርዝ ጓዳ አለ፤ ላቀብልሽ?»

ሳቀች። «አፉ ከሞላ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን አይናገርም። ስማኝ፤ ብትሰድበው የቀሩት ለእሱ ያዝናሉ። ሕጉ ይወድቅና እኔ ተመልሼ እስር ቤት ነኝ።»

«አልሰድበውም» አልኩ። ዋሸኋት። አራት ዓመት ሙሉ ያሾልኩት ስድብ ነበረኝ።

ምክር ቤቱ ወዳለበት ከተማ ወደ ቢስማርክ ሄድን። ረቂቁን የሚመረምረው፣ ክሬብስም ያለበት ኮሚቴ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። ተራዬ ደርሶ ስቆም ክሬብስ የፓዩን ፍርፋሪ ከከንፈሩ ጠረገ።

«አባት፣ እርስዎን አውቃለሁ» አለ። «ልጆቹ አይማሩም ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን ሊዋሹ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ዶሪን አንገቷን ደፋች። ስድቡ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ክሬብስም እሱን እየጠበቀ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁ። ዋጥኩት።

«ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር» አልኩ። «ስድሳ ዓመት ደብቄዋለሁ። አንተ ግን አውቀሃል። ስለ አውቶቡስ ነው ብለህ አስፈረምከኝ።»

«ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው!»

«ማስረጃው እኔው ነኝ። ዛሬ አነባለሁ። ያስተማረችኝ አንተ ያሳሰርካት ሴት ናት። እሷም አታውቅም፤ ከልጇ ኋላ ተቀምጬ ነው የተማርኩት።»

ረቂቁን አነሳሁና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመርኩ። ተደናቀፍኩ፣ ቀጠልኩ። ሁለት ደቂቃዬ አልቆ ደወሉ ጮኸ።

«ይጨርሱ» አለች ሰብሳቢዋ።

በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ቀና ብዬ ክሬብስን አየሁት። ስጨርስ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም። ኮሚቴው ረቂቁን በሰባት ለአራት አሳለፈው፤ በጸደይም ሕግ ሆነ። ከዚያ ክሬብስ ያደረገውን ቤት ለቤት እየዞርኩ ነገርኩ፤ በቀጣዩ ምርጫ ወደቀ። ይቅር አላልኩትም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ግን የእኔን ጥፋት ከእሱ ጥፋት ለዩ። እሱ አታለለኝ። ልጄን ያሳሰራት ግን «አላውቅም፣ አንብብልኝ» ማለት ያሳፈረኝ እኔ ነኝ። ያልገባችሁን አትፈርሙ። ስለ ቤታችሁ ሕግ ሲወጣም መጋረጃ ዘግታችሁ አትቀመጡ።

ያን ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ ዶሪን ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘች።

«የፈረምከው ጠልተኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«አፍሬ ነው፣ ልጄ።»

«ይህችን ቃል ነው አራት ዓመት የጠበቅኩት» አለችኝ። «ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም።»