ከበሩ የሚጀምረው ፍለጋ

በ1991 ዓ.ም. መካኒሳ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ኤሌኒና ጸጋአብ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዌብሳይት ይሠሩ ነበር። ከተዋደዱ ዓመት አልፏቸዋል። ይህን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የእሷ አባት አቶ ገሠሠ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው፤ የእሱ ቤተሰቦች ደግሞ ጴንጤዎች። ሰው እንዳያያቸው ብለው አንድ ታክሲ እንኳ አብረው አይሳፈሩም።

ያን ቀን ከሰዓት ለታችኛው ሱቅ ባለቤት የሚያሳዩት ገጽ አስቸገራቸው። የሶፋ ፎቶ ከፍተው በዘጉ ቁጥር ኮምፒዩተሩ እየከበደው ሄደና ቀጥ አለ።

«በልቶ ተኛ!» አለች ኤሌኒ እየሳቀች።

ጸጋአብ ወንበሩን አስጠጋ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«አገኘሁት» አለ። «ገጹን የጻፍንበት ጃቫስክሪፕት የማይፈለገውን ነገር ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ የሚጠርገው ራሱ ነው አይደል? ይሄ ገጹን የከፈትንበት ብራውዘር ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የያዘው አለ ወይስ የለም? ፎቶው መግለጫውን ይዟል፤ መግለጫው ፎቶውን። እኛ ብንለቃቸውም እነሱ አልተላቀቁም። ስለዚህ አይነካቸውም፤ ሜሞሪው ይሞላል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደኛ። እስከተያያዝን ድረስ ማን ይነካናል? ለማንም መናገር አያስፈልገንም።»

ኤሌኒ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ወዲያው ግን ያንኑ ገጽ ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው ሌላ ብራውዘር ከፈተች። ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፤ ከፈተች፣ ዘጋች። ምንም አልከበደውም።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ የሚጠርገው በሌላ መንገድ ነው። ማን ማንን እንደያዘ አይቆጥርም። ከበሩ ይነሳል፤ ገጹ ራሱ ከያዛቸው ነገሮች ማለቴ ነው። ከዚያ እየተከተለ ይሄዳል። የደረሰበትን ያስቀራል፤ ያልደረሰበትን ይጠርጋል።»

«ተያይዘው ቢሆንም?»

«ተያይዘው ቢሆንም።»

ኤሌኒ ዞራ ትክ ብላ አየችው። «ከቤታችን በር ተነስቶ አንተ ጋ የሚደርስ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከእናንተስ በር እኔ ጋ?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «አባትሽ እምቢ ቢሉስ?» አለ።

«ይበሉ። እምቢ ለማለትም መጀመሪያ ሊያውቁህ ይገባል።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሲዘጋ ፎቶው መግለጫውን እንዲለቅ የሚያዝ አንድ መስመር ጨመረች፤ ኮምፒዩተሩ ዳግም አልቆመም። ባለሱቁ መጥተው ዕቃቸውን ገጹ ላይ እያገላበጡ አይተው ረክተው ወረዱ።

ከሥራ ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ታክሲ ተሳፈሩ። ነፋስ ስልክ፣ እነኤሌኒ ቤት ሲደርሱ አቶ ገሠሠ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ቆመዋል።

«አባዬ፣ ጸጋአብ ይባላል። የማገባው እሱን ነው።»

አቶ ገሠሠ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አዩት። «የማን ልጅ ነህ?»

ጸጋአብ እጅ ነሳ። «የአቶ ዋቅጅራ፣ የመካኒሳው። ጴንጤ ነን፤ ሳልነግርዎ አልገባም።»

ኤሌኒ የጸጋአብን እጅ ያዘች፤ አባቷም አዩ።

«ይቺ ልጅ ደግሞ ቀስ ብላ እንኳ አትናገርም!» አሉ በመጨረሻ። «የምቆጣውን እቆጣለሁ፤ ጎረቤት እየሰማ ግን አይደለም። ግባ።»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ኤሌኒ ጸጋአብን ወደፊት ገፋ አደረገችው። «ነገ የእናንተ በር» አለችው በጆሮው።