የጋሽ ግሩም ዱይት

ጋሽ ግሩም አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሜስካል ሰፈር ካለው ቤታቸው፣ ከላይኛው ፎቅ በረንዳ ወድቀው በሞቱ ማግስት፣ የእህታቸው ልጅ ፋሲል ዕፀገነትን ጠራት። ዕፀገነት አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን እዚያው ኦክላንድ ለጠበቆች ትመረምራለች። ሰው ሲያለቅስ አብራ ከማልቀስ ይልቅ ዙሪያውን የምትቃኝ ሴት ናት፤ በዚህም የሚቀየሟት አልጠፉም።

«ፖሊሶቹ ሱሳይድ ነው ብለው ኬዙን ክሎዝ ሊያደርጉት ነው» አላት ፋሲል። «ቀሲስ ማንደፍሮ ደግሞ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ። እትዬ ዕፀገነት፣ አጎቴን እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«ፖሊሶቹን ምን አሳመናቸው?»

ወደ በረንዳው ወሰዳት። ጠረጴዛው ላይ አንዲት የጠቆረች የመዳብ ሳንቲም ነበረች። ጋሽ ግሩም ታክሲ ሲነዱ አንድ የሆላንድ ሰው የሰጣቸው ናት፤ ዱይት ትባላለች። በሰውየው አገር አንድን ነገር «ዱይት አያወጣም» ማለት ከንቱ ነው ማለት እንደሆነ ነግሯቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የማይሰጡትን ነገር የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ዱይቷን ፊቱ ዱቅ ያደርጉና «ከዚህች በቀር ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላሉ። ጠያቂው ወይ ስቆ ይሄዳል ወይ ተቀይሞ።

«ፖሊሱ ምንድን ናት ሲለኝ፣ ምንም አልቀረኝም ማለት ናት ብዬ ኤክስፕሌን አደረግኩለት። ጉድባይ ኖት አደረጓት» አለ ፋሲል አንገቱን ደፍቶ። «በአፌ ጉድ ሠራሁት።»

ዕፀገነት ምንም ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየች። ወንበሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ጋሽ ግሩም ሁልጊዜ የሚቀመጡበት፣ ጀርባውን ለበረንዳው ብረት ሰጥቷል። ዱይቷ ያለችው ከሌላኛው ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ላይ ትራስ ተደርጎበታል።

ምድር ቤት የተከራየችው ነጃት፣ በርክሌ ሆስፒታል የምትሠራ ወጣት፣ ዓይኗ አብጦ ወጣች።

«ትናንት ምን ሰማሽ?»

«ሲስቁ ሰማኋቸው። ወዲያው ያ የመውደቅ ድምፅ መጣ። በጓሮ ሮጬ ስወጣ የፊቱ በር ሲዘጋ የሰማሁ መሰለኝ።»

«ደወል ተደውሎ ነበር?»

«አልተደወለም። ቁልፍ ያለው ደግሞ ፋሲል ብቻ ነው።»

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ ፋሲል። «ቁልፌ ሳን ሆዜ እናቴ ቤት ተሰቅሏል።»

«ይህ ትራስስ?»

«ለትልቅ ሰው ነው የሚያወጡት» አለች ነጃት። «እኔን በባዶው ነው የሚያስቀምጡኝ።»

ዕፀገነት ወደ ፋሲል ዞረች። «እናትህ ሰምተዋል?»

«ኧረ በፍጹም። ፕሬዠር አለባት። ታሞ ሆስፒታል ገብቷል ነው ያልኳት። ማንም ኮል እንዳያደርግላት አስጠንቅቄያለሁ። ነገ ማለዳ ከቀሲስ ጋር ሄደን መርዶውን እንነግራታለን።»

«እኔም እመጣለሁ። ነጃትም ትምጣ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አራቱ ሳን ሆዜ ደረሱ። ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ አመለወርቅ እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ፤ ነጠላቸውን ለብሰዋል። ፋሲል ምንም ልብ አላለም። ቀሲስ ማንደፍሮ ግን መስቀላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ዕፀገነትም ነጠላውን አየች። በሌሊት ያሰበችው ሐሳብ ስህተት በሆነ ብላ ተመኝታ ነበር።

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ቀሲስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደመቻቸው። «ይቅርታ ቀሲስ፣ እኔ ልጀምር። ጋሽ ግሩም ራሳቸውን አላጠፉም። ዱይቷን ለጠያቂ እንጂ ለብቻቸው አውጥተው አያውቁም፤ የነበረችውም በሌላው ወንበር ፊት ነው። ስለዚህ እንግዳ ነበራቸው፤ የሳቁትም ከሰው ጋር ነው። እንግዳው ትራስ ተደርጎለታል፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው ነው። ፋሲልም ነጃትም አይደሉም።»

«እኔ ቀረሁ» አሉ ቀሲስ።

«እርስዎ ደወል ሳይደውሉ አይገቡም። እንግዳው ግን ቁልፍ ነበረው፤ ያ ቁልፍ ያው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።»

ፋሲል ብድግ አለ። «ዌት! ምን እያሉ ነው?»

«ወይዘሮ አመለወርቅ» አለች ዕፀገነት ቀስ ብላ፣ «ወንድምዎ ታመዋል እንጂ ሞተዋል ያለዎት ሰው የለም። ታዲያ ነጠላዎን ለማን አዘቀዘቁት?»

አሮጊቷ ዝቅ ብለው አዩ። የነጠላቸው ጥለት፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸው ሥር ነበር።

«እጄ ነው» አሉ። «እኔ አላዘዝኩትም።»

«እማዬ…»

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከአንተ ጋር ልኑር፣ ታች አንድ ክፍል ስጠኝ አልኩት። ለአላፊ አግዳሚው የሚያወጣትን ሳንቲም እኔም ፊት አስቀመጣት። ተነስቶ፣ የበረንዳውን ብረት ተደግፎ ሳቀብኝ። ለእኔም? ብዬ ደረቱን ገፋሁት። ልጥለው አልነበረም፤ እግዜር ያውቃል።»

ነጃት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያ ክፍል የእሷ ነው።

«ፍትሐት ይደረግለታል?» ብለው አሮጊቷ ቀሲስን ጠየቁ።

«ይደረግለታል።»

«እንግዲያው መርዶዬን ንገሩኝ። ሳይነገረኝ ማልቀስ አቃተኝ።»

ቀሲስ ወደ ዕፀገነት ተመለከቱ፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«እህቴ» አሉ፣ «ወንድምሽ ግሩም ዐርፏል።»

ያኔ ወይዘሮ አመለወርቅ ጮኹ። አጎቱን በወጉ ሊቀብር የለፋው ፋሲል እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ ደረት እንዳይደቁ እጃቸውን ያዘ። ዕፀገነት ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን አውጥታ ነበር፤ ልቅሶው እስኪበርድ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።