የሃኒ ሰዓት

ሃኒ የታሸገ ውሃዋን ከፈተችና ግንባሯን ማርጠብ ጀመረች። ትናንት ካስክ የገባው ፀጉሯ እንዳይነካ በጣት በጣቷ ነው የምትቀባው። ቀጥላ አንገቷን፣ ከዚያ የቲሸርቷን ደረት አረጠበች።

«እንዴት ነው? ላብ ይመስላል?»

ኡርጂ የምትመልስበት ትንፋሽ አልነበራትም። ተማሪዎቹን ሁሉ ቀድማ እንጦጦን ወጥታ ወርዳ መምጣቷ ነው። ሃኒ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ከመንገዱ ገባ ብላ ባሕር ዛፉ መሃል ቺፕስ ስትበላ ቆይታለች። ጫማዋ ላይ አንዲት ነጥብ ጭቃ የለም።

«በይ ሰዓቱን ፍቺው፤ ቲቸር እየጠበቀ ነው» አለች ሃኒ እጇን ዘርግታ። «አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ነይ። እኔ መቅደም አለብኝ።»

ሰዓቱ የሃኒ ነው፤ ሩጫ የሚመዘግብና ስልኳ አጠገብ ሲደርስ በብሉቱዝ የሚያስተላልፍ። የስፖርት መምህራቸው ገመዳ ለክፍለ ከተማው የሴቶች ውድድር አንዲት ልጅ እንደሚመርጡ የተናገሩ ዕለት፣ «የወር ልምምዳችሁን በአፕ አሳዩኝ፤ ቴክኖሎጂ አይዋሽም» ብለው ነበር። ኡርጂ እንዲህ ያለ ሰዓት ከየት ታመጣለች? «የኔን አድርጊ፤ ጓደኛ ለመቼ ነው? ለቲቸር በስምሽ እልክልሻለሁ» ያለቻት ሃኒ ናት። ኡርጂም አምናት ወሩን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ከካራ እስከ ኮተቤ ሮጠች።

ጉዱን ያወቀችው ትናንት ነው። መምህር ገመዳ የሃኒን ስልክ ከፍ አድርገው ለክፍሉ ሲያሳዩ፣ ካርታው ላይ ያለው ቀይ መስመር በየቀኑ የሚነሳው ከእነኡርጂ በር ነበር።

«ካራ ምን ትሠሪያለሽ?» ቢሏት ሃኒ ዓይኗን በጨው ታጥባ «አክስቴ ጋ ነው የማድረው» አለች።

«ጎበዝ!» አሉ መምህሩ። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ እያላቸው የሃኒን ጫማ አንድ ጊዜ እንኳ ዝቅ ብለው አላዩም።

ከክፍል ሲወጡ ሃኒ «አታካብጂ በናትሽ» አለቻት። «የነገውን የእንጦጦ ማጣሪያ ብቻ ሩጪልኝ፤ አሪፍ ስኒከር እገዛልሻለሁ።» ኡርጂ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ብትናገር ማን ያምናታል? የሮጠችው ሁሉ ያለው በሃኒ ስም፣ በሃኒ ስልክ ነው። ውድድሩ አምልጦኛል ብላ ስታስብ አደረች።

አሁን ግን የሃኒን እርጥብ ግንባር ስታይ ንዴቷ እንኳ ጠፋ። በሰው ወርቅ መድመቅ ሲባል ሰምታለች፤ ይቺ የባሰባት ናት፣ ላብ እንኳ የላትም። ለዚች ልጅ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁት? አለች በልቧ። አፈረች።

«ምን ያፈጥሻል? ፍቺው!»

ኡርጂ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ወደ መንገዱ ወጣች።

«ኡርጂ! ሰዓቱ! ሙድ አትያዢ፣ ኡርጂ!»

አልዞረችም። መታጠፊያውን አለፈች። መምህር ገመዳ የተማሪዎቹን ስልኮች ሰብስበው ቆመዋል፤ የሃኒን ለብቻው በእጃቸው ይዘውታል። ኡርጂ እየቀረበች ስትሄድ ስልኩ ጢጥ አለ።

«የሃኒ ሰዓት ተገናኘ ይላል» አሉ መምህሩ፤ መንገዱን ወደ ላይ ቃኙ። «ሃኒ የታለች?»

ኡርጂ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላቸው።